ስታምፎርድ ብሪጅ የሞተር ብስክሌት ሻምፒዮን የሆነበት ዓመት፦ የስፒድዌይ ሊግ አወላለድ

ጥያቄ፦ «የቼልሲ ደጋፊ ነኝ። ስለ ስታዲየሙ ታሪክ ሳነብ በ1929 ስታምፎርድ ብሪጅ የሞተር ብስክሌት ሊግ ሻምፒዮን እንደነበረ አየሁ። የሞተር ብስክሌት ውድድር የግለሰብ አይደለም ወይ? በቡድን የሚወዳደሩት እንዴት ነው? ሊግ ለምን አስፈለጋቸው? ዛሬስ ይህ ነገር አለ?»

ምላሽ፦

ያነበቡት እውነት ነው። በ1929 እንግሊዝ ውስጥ ሁለት የስፒድዌይ (በሞላላ የአፈር መም ላይ የሚደረግ የሞተር ብስክሌት ሽቅድምድም) ሊጎች ተጀመሩ፤ በደቡቡ ሊግ ቀዳሚ ሆኖ የጨረሰው ቡድን ስታምፎርድ ብሪጅ ይባላል። ከእግር ኳስ ክለቡ ጋር የሚጋሩት ሜዳውን ነው እንጂ ቡድኑን አይደለም። በሣሩ ዙሪያ በነበረው መም ላይ ከ1928 እስከ 1932 የሞተር ብስክሌት ውድድር ይካሄድ ነበር፤ ቅዳሜ ኳስ ያየ የሰፈሩ ሰው በሌላው ቀን ማታ ተመልሶ ሞተር ሊያይ ይመጣል። (ቀኖቹም ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የግለሰብ አይደለም ወይ?» ያሉት የጉዳዩ ቁልፍ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ስፒድዌይ ወደ እንግሊዝ ሲገባ በእርግጥም የግለሰብ ውድድር ነበር። የቡድን ሊግ የሆነው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ያም የሆነው የስታዲየም ባለቤቶችና አዘጋጆች ገበያቸው ሊከዳቸው እንደሚችል ስለገባቸው ነው። እኔ እንደማምነው ሊጉ ባይመጣ ኖሮ ስፒድዌይ የአንድ ሁለት ዓመት ወረት ሆኖ በቀረ ነበር።

በመጀመሪያ ውድድሩ ራሱ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት፤ ያለዚያ የቡድኑ ነገር አይገባም። አራት ሰዎች ሞላላ መም ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ። አንዱ ሽቅድምድም ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሞተሩ ፍሬን የለውም። መሙ አስፋልት ሳይሆን የላላ መሬት ነው፤ በዚያ ዘመን በብዛት የተቃጠለ የከሰል ድንጋይ ፍርፋሪ ይነጠፍበት ነበር። የሚዞሩት ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ተወዳዳሪው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ የኋላ ጎማውን ሆን ብሎ ወደ ውጭ ያንሸራትተዋል፤ ሞተሩ በጎኑ ይሄዳል፣ የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ዞሮ ይቆማል፣ ብረት የለበሰው የግራ እግር ጫማ መሬቱን ይፈትጋል። ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም የሚቆጣጠረው በአንድ እጁ በያዘው የነዳጅ መስጫ ነው። መሐል ላይ ፈርቶ ነዳጁን በድንገት የዘጋ ሰው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ይይዝበትና ሞተሩ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። መዳኛው ነዳጅ መስጠት ነው። ይህን ስታዲየም ውስጥ ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ ያየ፣ የከሰሉን ፍርፋሪ ፊቱ ላይ የተቀበለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለመምጣት ብዙ ማባበያ አያስፈልገውም ነበር። ለሠላሳኛ ጊዜ እንዲመጣ ማድረጉ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ታኅሣሥ 15 ቀን 1923 ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ዌስት ሜይትላንድ በምትባል ከተማ የአካባቢው የግብርና ማኅበር ፀሐፊ የነበረው ጆኒ ሆስኪንስ በኤሌክትሪክ መብራት በደመቀ የምሽት ትርዒት ላይ የሞተር ብስክሌት ሽቅድምድም አካተተ። ሆስኪንስ የኒውዚላንድ ተወላጅ ሲሆን የስፒድዌይ ፈጣሪ ተብሎ ይወደሳል። ይህ ግን ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው፤ ከእርሱ በፊትም በአሜሪካና በአውስትራሊያ የፈረስ መሮጫዎች ላይ በሞተር ብስክሌት መሽቀዳደም የተለመደ ነበር። ለሆስኪንስ የሚገባው ክብር እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ ይለያል፦ ውድድሩ በምሽት፣ በመብራት፣ ቤተሰብ ትኬት ቆርጦ የሚገባበት ትርዒት መሆን እንደሚችል አየ። ሰውዬው በኋላ ወደ እንግሊዝ መጥቶ በዌምብሌይ፣ ቀጥሎም በምሥራቅ ሎንደኑ ዌስት ሃም ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ተወዳዳሪዎቹ ባርኔጣውን ነጥቀው እሳት ሲለኩሱበት ሕዝቡ ይስቅ ነበር፤ እርሱም ያንን የትርዒቱ አንድ ክፍል አድርጎት ኖረ።

እንግሊዝ ውስጥ በ1927 ካምበርሊ እና ድሮይልስደን ላይ ሙከራ መሰል ውድድሮች ተካሂደዋል። ካምበርሊ ላይ አሸዋ ላይ ነበር የሮጡት፤ የዞሩትም ወደ ቀኝ ነው። ሕዝቡን ያስነሣው ግን የካቲት 19 ቀን 1928 እሑድ ዕለት ሎንደን ዳርቻ ኤፒንግ ደን ውስጥ፣ ሃይ ቢች በተባለው ቦታ ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ የተካሄደው ነው። ያዘጋጀው የኢልፎርድ ሞተር ብስክሌት ክለብ ሲሆን የጠበቀው ሰው ከጥቂት ሺህ አይበልጥም ነበር። የመጣው አሥር ሺህ ነው የሚሉ አሉ፣ ሠላሳ ሺህ የሚሉም አሉ። ሰው ከመሙ ውጭም ውስጥም ተኮልኩሎ፣ ከተወዳዳሪዎቹ የሚለየው አንድ ገመድ ብቻ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጡት ቢሊ ጋሎዌይና ኪት ማኬይ እዚያው ተገኝተው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጥድፊያ ማሰብ ያዳግታል። በአንድ የበጋ ወቅት ብቻ በመላ ብሪታንያ በደርዘን የሚቆጠሩ መሞች ተከፈቱ። የእግር ኳስ ሜዳ፣ የአትሌቲክስ መም፣ ገና አዲስ የነበረው የውሻ መሮጫ፣ ሞላላ የሆነ ሁሉ ከሰል ተነጠፈበት። ስታምፎርድ ብሪጅ፣ ዋይት ሲቲ፣ ሃሪንጌይ፣ ዊምብልደን፣ ክሪስታል ፓላስ፣ ዌስት ሃም ሁሉም የዚያ ዓመት ናቸው። ትልልቅ ኩባንያዎች ተቋቋሙ። ከአውስትራሊያ ቪክ ሃክስሌይና ፍራንክ አርተር፣ ከአሜሪካ «ስፕራውትስ» እየተባለ የሚጠራው ሎይድ ኤልደር መጡ። አንድ የእንግሊዝ ሠራተኛ በሳምንት ከሚያገኘው ብዙ እጥፍ በአንድ ምሽት ይከፈላቸው ነበር።

ችግሩም ከዚያው ተፀነሰ። በ1928 አንድ ምሽት የሚታየው ምንድን ነበር? የማጣሪያ ሽቅድምድሞች፣ ከዚያ ፍጻሜ፣ ከዚያ ሁለት ዝነኞች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ግጥሚያ። ደካማው ቀድሞ እንዲነሣ የሚደረግበት ውድድርም ነበር። አሸናፊው ዋንጫውን ወስዶ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዋንጫ ቀርቦ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ባለፈው ሳምንት የሆነው ለዚህ ሳምንት ምንም ትርጉም የለውም። ዝነኛው በዚህ ሳምንት እዚህ፣ በሚቀጥለው ሌላ ከተማ ነው። አዘጋጆቹ እርሱን ለማስመጣት እርስ በርስ ዋጋ ይጨምራሉ፤ እርሱ የሌለበት ምሽት ደግሞ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለው ትርዒት አዲስነቱ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። አዲስነት ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ በተለይ የእንግሊዝ ዝናብ ሲጨመርበት።

መፍትሔውን ለማግኘት አዘጋጆቹ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በዚያው ሜዳ ላይ እግር ኳስ ይጫወት ነበርና ሕዝቡ በየሳምንቱ የሚመለሰው በምን እንደሆነ ዓይናቸው ሥር ነበር። የኳስ ተመልካች የሚመጣው ጥሩ ጨዋታ እንደሚያይ ተማምኖ አይደለም። ቡድኑ ስለሚጫወት ነው፤ ደረጃውን ያሰላል፣ ባለፈው ሳምንት በሜዳው የተሸነፈለትን ቡድን በመልሱ ምን እንደሚያደርገው ይጠብቃል። ስለዚህ በ1929 የሰፈር ስም የያዙ ቡድኖች ተቋቁመው በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚገናኙበት መርሐ ግብር ወጣ። ተወዳዳሪዎቹ ከቆዳ ልብሳቸው በላይ የቡድኑን ቀለምና ዓርማ የያዘ ሰደርያ ለበሱ። የዌምብሌይ አንበሶች፣ የዌስት ሃም መዶሻዎች፣ የማንቸስተሩ ቤል ቩ ኤሶች የተባሉት ቅጽል ስሞችም ሥር ሰደዱ።

አሁን ቡድን ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳ። በአንድ ሽቅድምድም የሚሰለፉት አራቱ ሰዎች ሁለቱ ከባለሜዳው፣ ሁለቱ ከእንግዳው ቡድን ናቸው። የነጥብ አሰጣጡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲስተካከል ቆይቶ የጸናው እንዲህ ሆኖ ነው፦ አንደኛ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ አራተኛ 0። በአንድ ምሽት ተከታታይ ሽቅድምድሞች ይካሄዱና ድምሩ አሸናፊውን ይለያል። ቀላል ይመስላል። ግን እስኪ አብረን እናስላ። የእርስዎ ቡድን ዝነኛ ተወዳዳሪ አለው፤ ሁሉንም አስከትሎ አንደኛ ይገባል፣ ሜዳው በጭብጨባ ይናወጣል። ጓደኛው ግን የመጨረሻ ሆነ። 3 ሲደመር 0፣ 3 ነው። ተጋጣሚዎቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ፤ 2 ሲደመር 1፣ እርሱም 3 ነው። ያ ሁሉ ጀግንነት አቻ ወጣ ማለት ነው። ጓደኛው አንድ ሰው ብቻ ቀድሞ ሦስተኛ ቢወጣ ኖሮ ውጤቱ 4 ለ 2 ይሆን ነበር፤ ሁለተኛ ቢወጣ ደግሞ 5 ለ 1።

ይህ ስሌት የውድድሩን ባሕርይ ገለበጠው። በ1928 ሦስተኛ የወጣ ሰው ማንም ስሙን አይጠይቅም ነበር። ሊጉ ሲመጣ ለሦስተኛነት የሚደረገው ትንቅንቅ ግጥሚያ የሚወሰንበት ሆነ። መሪው ብቻውን መብረሩን ትቶ ወደ ኋላ ማየት ጀመረ፤ ጓደኛው ወደ ኋላ የቀረ እንደሆነ ፍጥነቱን ቀንሶ ተቀናቃኙን ሰፋ አድርጎ በውጭ በኩል እያስወጣ ለጓደኛው የውስጡን መስመር ይከፍትለታል። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ውስጡን፣ አንዱ ውጭውን ዘግተው ይጓዛሉ። ከኋላ ያለው ሰው ፈጣን ሞተር ቢኖረውም ማለፊያ የለውም። የእኛ የ10 ሺህ ሜትር ሯጮች ተነጋግረው ፍጥነቱን ሲቀያየሩ፣ መሪነቱን ሲሰጣጡ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ እዚህ የሚደረገው ፍሬን በሌለው ሞተር ላይ፣ የአንዱ ሞተር እጀታ ከሌላው ሊነካካ አንድ ስንዝር ሲቀረው መሆኑ ነው። ስፒድዌይን ከወደድኩበት ምክንያት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ የራሱን ፍጥነት ለጓደኛው አሳልፎ ሲሰጥ በዓይን ይታያል፤ ሃያ ሺህ ሰው ያንን ቅጽበት ለይቶ ያጨበጭብለታል።

ሊጉ ወዲያው ተሳካ ማለት ግን አይደለም። የደቡቡ ሊግ ሎንደንን ማዕከል ያደረገ ስለነበር የሕዝብ ብዛትም የባቡርና የአውቶቡስ ቅርበትም ደገፈው። ስታምፎርድ ብሪጅ፣ ሳውዝሃምፕተን እና ኮቨንትሪ ከፊት ሆነው ጨረሱ። የሰሜኑ ሊግ ግን በመጀመሪያው ዓመት ራሱ ተንገዳገደ፤ ብዙ ቡድኖች ወቅቱ ሳይጠናቀቅ አቋርጠው ወጡ። ለምን ቢሉ፣ በየትንሹ ከተማ መም ከፍተው ነበር። የሕዝቡ ቁጥር ለአንድ ሜዳ የማይበቃበት ቦታ ሁሉ ቡድን ተቋቁሞ ነበር። በላዩ ላይ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ የከሰል ማዕድንና የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች በሥራ አጥነት ተመቱ። ትኬት የሚቆርጠው ያ ሠራተኛ ነበር። በሰሜን ጸንቶ የቆመው ትልቁ ስም ቤል ቩ ነው፤ በ1930ም በ1931ም የሰሜኑን ሊግ ወሰደ። ቤል ቩ የተለየ ጥቅም ነበረው፤ ማንቸስተር ውስጥ የእንስሳት መጠበቂያና የመዝናኛ መናፈሻ አካል ሆኖ ሃይድ ሮድ ላይ ለዚሁ ውድድር ተብሎ የተሠራ ስታዲየም በ1929 ከፍቷል። ከሌላ ስፖርት ሜዳ አልተዋሰም።

በደቡብ ደግሞ የዌምብሌይ ተራ ደረሰ። የስታዲየሙ ጌታ አርተር ኤልቪን ትልቅ ራስ ምታት ነበረበት፦ ያን የሚያህል ሕንፃ የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ቢሞላው ምን ይበላል? ስለዚህ የውሻ ሩጫ አስገባ፤ በ1929 ደግሞ ስፒድዌይን ጨመረ። የዌምብሌይ አንበሶች የደቡቡን ሊግ በ1930 እና በ1931 አሸነፉ። በ1932 ሁለቱ ሊጎች የተረፉትን ጠንካራ ቡድኖች ይዘው አንድ ብሔራዊ ሊግ ሲሆኑ የመጀመሪያው ሻምፒዮን አሁንም ዌምብሌይ ሆነ። የጠየቁት ስታምፎርድ ብሪጅ የኖረው እስከዚያው ዓመት ብቻ ነው፤ ከ1932 ወቅት በኋላ ስፒድዌይ እዚያ ቀረ።

ከ1933 እስከ 1936 ያሉት አራቱም ዓመታት የቤል ቩ ናቸው። እኔ ከዚያ ዘመን ቡድኖች አንዱን በዓይኔ ባየሁ ብዬ የምመኘው ይህን ነው። ኤሪክ ላንግተን ጸጥ ያለና የተጠና አነዳድ ነበረው፤ ፍራንክ ቫሬይ አስፈሪ ነበር፤ አርጀንቲና ሄዶ ሲወዳደር በቀይ ሹራቡ ምክንያት «ቀዩ ሰይጣን» አሉት። አውስትራሊያዊው ማክስ ግሮስክሮይትዝም ነበረ፤ ቢል ኪችን በ1933 ተጨመረ። ልብ ይበሉ፣ በእነዚህ ዓመታት የግለሰብ ሻምፒዮናውን በየጊዜው የሚወስደው የተለያየ ሰው ነበር፤ ሊጉን ግን ቤል ቩ ብቻ። የቡድን ጥንካሬ ከአንድ ኮከብ ፍጥነት የተለየ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

ሊጉ መሣሪያውንም ደንቡንም ለወጠ። ስለ ሞተሩ ልጀምር። በ1928 እና በ1929 መሙን የገዛው የብሪስቶሉ ዳግላስ ነበር፤ ሁለት ሲሊንደሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተጋደሙ፣ ዝቅና ረዘም ያለ ሞተር ብስክሌት ነው፤ ለረጅም ማንሸራተት የተመቸ። ራጅ የተባለው የኮቨንትሪ ሞተር ብስክሌትም ተፎካከረው። በ1930 አካባቢ ግን ቶተንሃም ውስጥ የነበረው የጆን አልፍሬድ ፕሬስትዊች ፋብሪካ ጃፕ የተባለውን ባለ አንድ ሲሊንደር 500 ሲሲ ሞተር ለዚህ ውድድር አዘጋጅቶ አቀረበ። በሙከራው የስታምፎርድ ብሪጁ ዋል ፊሊፕስ ስሙ አብሮ ይነሣል። በሜታኖል የሚሠራ፣ ቀላልና ኃይለኛ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ጃፕ ላይ ወጣ፤ እስከ 1960ዎቹም ሥልጣኑን የነጠቀው አልነበረም። የሁሉም ሞተር አንድ ዓይነት መሆኑ ለሊጉ ትልቅ ስጦታ ሆነለት። ሀብታም ክለብ የተሻለ ሞተር ገዝቶ ማሸነፍ አልቻለም፤ የተሻለ ሰው ማግኘት ነበረበት። የአነዳዱም ስልት አብሮ ተለወጠ። የዳግላስ ሰዎች ግራ እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ይጎትቱ ነበር፤ ለዓይን እጅግ ያምራል። ጃፕ ሲመጣ እግሩን ወደ ፊት አስቀድሞ አጠር ባለ መስመር መታጠፍ ፈጠነ፤ የድሮው ውበት ቀስ በቀስ ጠፋ።

አነሳሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያጨቃጭቅ ነበር። በመጀመሪያ ተወዳዳሪዎቹ ቀስ ብለው በመስመር እየተጓዙ ወደ መነሻው ይመጡና ዳኛው ባንዲራ ሲያወርድ ይለቀቃሉ። ሁልጊዜ አንዱ ግማሽ ሞተር ያህል ይቀድማል፤ እንደገና ይመለሳሉ፤ እንደገና አንዱ ይቀድማል። ለተራ ትርዒት ይህ መሰልቸት ብቻ ነው፤ ነጥብ ለሚቆጠርበት ሊግ ግን የፍትሕ ጉዳይ ሆነ። በ1933 የክሪስታል ፓላስ አዘጋጅ ፍሬድ ሞክፎርድ ከሃሪ ሼፐርድ ጋር ሆኖ መፍትሔ አመጣ፦ በመነሻው ላይ አግድም የተዘረጋ፣ በድንገት ወደ ላይ የሚፈናጠር ገመድ። ተወዳዳሪዎቹ ቆመው፣ ፍሪሲዮን ይዘው፣ ሞተሩን አስጩኸው ገመዱን ይጠብቃሉ። ዛሬም በየትኛውም የዓለም ክፍል ስፒድዌይ የሚነሣው እንዲሁ ነው። ሞክፎርድ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑን ይዞ በደቡብ ሎንደን ወዳለው ኒው ክሮስ ሄደ።

አንድ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። በ1928 እና በ1929 ሴቶችም በእነዚህ መሞች ላይ ይወዳደሩ ነበር። አየርላንዳዊቷ ፌይ ቴይለር እና የሰሜን እንግሊዟ ኢቫ አስክዊዝ ከወንዶች ጋር ተሰልፈው ያሸነፉ ናቸው፤ ቴይለር አውስትራሊያ ድረስ ሄዳ ተወዳድራለች። በ1930 በብሪታንያ ሴቶች እንዳይወዳደሩ ተከለከለ። ሊጉ ሥር ሲሰድ እነርሱ ከበሩ ውጭ ነበሩ። የቡድን ስፖርት ለሰፈር ሰው ሁሉ ባለቤትነት ሰጠ ብለን ስናመሰግን ይህም አብሮ መነገር አለበት፤ ከመቀመጫው ላይ የሞሉት ሴቶች ብዙዎች ነበሩና።

የግለሰቡ ውድድር በሊጉ ምክንያት አልሞተም። በአንድ ምሽት መጀመሪያ የሊጉ ግጥሚያ ይካሄዳል፤ ቀጥሎ በምሽቱ ሁለተኛ አጋማሽ ግለሰቦች ለራሳቸው ይሽቀዳደማሉ። ስታር የተባለው የሎንደን የምሽት ጋዜጣ ደግሞ ከ1929 ጀምሮ የኮከቦች ሻምፒዮና ያዘጋጅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የውጭዎቹ ልምድ ይበልጣል ተብሎ በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ከእንግሊዞቹ ሮጀር ፍሮግሌይ፣ ከውጭዎቹ ፍራንክ አርተር አሸነፉ። ይህ ውድድር አድጎ በ1936 የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ፍጻሜው መስከረም 10 ቀን ዌምብሌይ ላይ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ፊት ተካሄደ። የዌስት ሃሙ አውስትራሊያዊ ብሉይ ዊልኪንሰን በዚያ ምሽት የሮጠበትን ሁሉ አሸነፈ፤ ሆኖም ከማጣሪያው የተያዙ ነጥቦች ይደመሩ ስለነበር ሦስተኛ ሆነ። እኩል የሆኑት ሊዮኔል ቫን ፕራግና ኤሪክ ላንግተን በአንድ ተጨማሪ ሽቅድምድም ተለያዩና ቫን ፕራግ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዊልኪንሰን በ1938 ዋንጫውን አግኝቶ ዕዳው ተከፈለው።

ዋጋው ከባድ ነበር። በ1933 የኮከቦቹን ሻምፒዮና ያሸነፈው ቶም ፋርንደን ነሐሴ 1935 ኒው ክሮስ ላይ ከፊቱ የወደቀውን የቡድን ጓደኛውን ሮን ጆንሰንን ማምለጥ አቅቶት ተጋጭቶ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። በእንግሊዝ ፈጣኑ ሰው ይባል የነበረ ወጣት ነው። ይህን የምጽፈው ያ የምሽት ደስታ ሁሉ ፍሬን በሌለው ሞተር ላይ በተቀመጡ ወጣቶች ሕይወት ላይ ይቆም እንደነበር እንዳይረሳ ነው።

ከዚያ ያለውን በአጭሩ ልጨርስ። በ1936 ለትንንሾቹ ከተሞች ሁለተኛ ሊግ ተቋቋመና የመጀመሪያው አሸናፊ ሳውዝሃምፕተን ሆነ፤ ስለዚህ በ1929 በጥድፊያ የተሞከረው ነገር በዚህ ጊዜ በልኩ ተሠራ። ዌስት ሃም በ1937፣ ኒው ክሮስ በ1938 የላይኛውን ሊግ ወሰዱ። በ1939 ቤል ቩ እየመራ ሳለ ጦርነቱ ፈነዳና ሊጉ ተቋረጠ።

ዛሬስ አለ ወይ ላሉት፦ አለ። የእንግሊዙ ሊግ አሁንም ይካሄዳል፤ ቤል ቩም አለ፣ በ2016 የተከፈተ አዲስ ስታዲየም አለው። ትልቁ የሊግ ገበያ ግን ወደ ፖላንድ ሄዷል፤ ፖላንድና ስዊድን ሁለቱም ሊጋቸውን የጀመሩት በ1948 ነው፤ በፖላንድ ከተሞች ዛሬ ስፒድዌይ ከእግር ኳስ እኩል የሚወደድበት ቦታ ብዙ ነው። ሎንደን ውስጥ ግን ዊምብልደን በ2005 ከተዘጋ ወዲህ ቡድን የለም፤ በስታዲየሙ ቦታ ላይ አሁን ኤኤፍሲ ዊምብልደን የተባለው የእግር ኳስ ክለብ ሜዳ ተሠርቶበታል። ሎንደን የሚኖሩ ከሆነ ወይም ዘመድ ካለዎት ከስተም ሃውስ ወደሚባለው ሰፈር ይሂዱ። የዌስት ሃም ስፒድዌይ ስታዲየም በ1972 ፈርሶ መኖሪያ ቤት ሲሠራበት መንገዶቹ በሰዎቹ ስም ተሰይመዋል፤ ዊልኪንሰን፣ ክሩምስ፣ አትኪንሰን፣ ሆስኪንስ የሚሉትን ስሞች ግድግዳው ላይ ያገኟቸዋል። የፖላንድን ወይም የእንግሊዝን ግጥሚያ በቪዲዮ ለማየት ካሰቡ ደግሞ አንድ ምክር ልስጥ፦ ዓይንዎን ከመሪው ላይ አንሥተው ሦስተኛና አራተኛ ሆነው የሚታገሉትን ሁለቱን ይከተሉ፤ ግጥሚያው የሚወሰነው በብዛት እዚያ ነው።